ቁልፉ በእጅህ ነው፣ መኪናዋ ግን አላውቅህም ትላለች

ረዘም ያለች ጽሑፍ ናት፤ የቸኮለ ሴቭ አድርጎ ማታ ያንብባት። የቀድሞ ተማሪዎቼ ግን እንዳትዘሉ። ከእናንተ አንዱ ለጠየቀኝ ጥያቄ መልስ ናት። ያን ቀን መልሱን ስላላወቅኩት "እስቲ አጣርቼ እነግርሃለሁ" ብዬ አለፍኩት። መምህር ሲያመልጥ እንዲህ ነው የሚያመልጠው፣ ታውቁታላችሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የእህቴ ባል ከአውሮፓ ያገለገለች ሆና የመጣች አንዲት ትንሽ መኪና አለችው። ሰው እያመላለሰ ቤቱን የሚያስተዳድረው በሷ ነው። ግማሽ ዋጋዋ የዕቁብ፣ ግማሹ የብድር ነው፤ ብድሩ ገና አላለቀም። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ጠዋት አልነሳም አለች። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይቀበልም። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምስል ያላት ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወጥታ እንደገና ሲሞክራት ምንም እንዳልሆነ ተነሳች። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ እምቢ። እንዲህ እያለች ሳምንት ቆየችና ጭራሽ ዝም አለች።

ጋራዥ ተወሰደች። ባትሪ ነው ተባለ፣ ባትሪ ተቀየረ። ካንዴላ ነው ተባለ፣ ካንዴላ ተቀየረ። በመጨረሻ ኮምፒውተር ትደረግ ተባለ፤ የዲያግኖስቲክስ ማሽኑ ተሰካባት ማለት ነው። ማሽኑ "ከኢሞቢላይዘሩ ጋር ግንኙነት ጠፍቷል" የሚል ኮድ አወጣ። ሰውየው ማሽኑን ነቀለና ፍርዱን ሰጠ፦ ኢሞቢላይዘሩ ሞቷል፣ ኮምፒውተሩ ከነቁልፉ ይቀየር። ዋጋው መቶ ሺህ ብር ያልፋል። ማታ እህቴ ደወለች። "ወንድምዬ፣ እንዳለች ሸጠን እንገላገላት ወይ እያለ ነው" አለችኝ። የማትነሳ መኪና በስንት እንደምትሸጥ ደግሞ የሞከረው ያውቀዋል።

በመሐል አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ትዝ አለኝ። አስራ አንደኛ ክፍል ሳስተምረው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የተበላሸ ሬዲዮ ሲፈታ ይዤው ከክፍል ያስወጣሁት ልጅ ነው። ሬዲዮኑንም ወር ሙሉ ቢሮ ቆልፌበታለሁ። አሁን የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሆኗል፤ ትንሽ የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ማሽን፣ አንድ ቴስተርና ብዙ ደንበኛ አለው። ደወልኩለት። "ቲቸር! አምጣት" አለ። በገመድ አስጎትተን ወሰድናት።

ጥያቄውን የጠየቀኝ ገና የመሪውን ሥር ክዳን እየፈታ ነው። "ቲቸር፣ አንተ የታሪክ ሰው ነህ። ይሄ ኢሞቢላይዘር የሚሉት ነገር ከአውሮፓ በምትመጣ መኪና ላይ ሁሌም አለ። ከሌላ አገር በምትመጣው ላይ ግን አንዷ ላይ አለ፣ አንዷ ላይ የለም። ሞዴሏ ያው አንድ ሆና! ለምንድነው?"

እኔ ስለ አንቀጽ አስራ ሰባት ቢጠይቀኝ ኖሮ እስከ ማታ አወራለት ነበር። ስለዚህ ግን ባዶ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ባነበብኩት ልመልስ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላሰለቻችሁም፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

መኪና መጀመሪያ ስትሠራ የሌባ ጉዳይ ብዙም የሚያሳስብ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ የዚያን ዘመን መኪና ለማስነሳት የሚፈለገው ክንድ ነበር። ከፊት ለፊት ብረት ተሰክቶ በጉልበት ይዞራል። ሞተሩ ሲረግጥ ክንድ የሚሰብርበት ጊዜም ነበር። በ1912 ካዲላክ የቻርልስ ኬተሪንግን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ገጠመ፤ የኛዋ ሞተሪኖ አያት መሆኗ ነው። ቁልፍን በማዞር ብቻ ሞተር ማስነሳት ደግሞ ከ1949ቱ የክራይስለር ሞዴሎች ጋር መጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ ቁልፍ በር እንደሚከፍት ቁልፍ ይምሰል እንጂ፣ ሥራው ሁለት ሽቦ ማገናኘት ብቻ ነበር። ሽቦዎቹን ከሥር ጎትቶ እርስ በርስ ያነካካ ሰው ቁልፉን አያስፈልገውም። ፊልም ላይ የምናየው፣ ሌባው ከመሪው ሥር ተጎንብሶ ሽቦ የሚያነካካው፣ ውሸት አይደለም፤ ለብዙ አስርት ዓመታት እንዲያ ነበር። አሜሪካኖች መፍትሔ ብለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ቁልፉ ሲነቀል መሪው ወይም መኪናዋ በራሷ የምትሄድበት መንገድ የሚቆለፍበት ደንብ አወጡ። ሌባው ታዲያ መዶሻና ጠንካራ ስክሩድራይቨር ያዘ። ብረት በብረት ይሰበራል።

የመጀመሪያው ብልጠት ያለበት ሙከራ በ1986 በጄኔራል ሞተርስ ኮርቬት ላይ ታየ። ቁልፉ ላይ ጥቁር ፍሬ የመሰለች ሬዚስተር ተተከለች። ቁልፉ ሲገባ መኪናዋ የሬዚስተሯን መጠን ትለካለች፤ የምታውቀው ካልሆነ ሞተሪኖውንም ነዳጁንም ትከለክልና ለደቂቃዎች ትኮርፋለች። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ነገር ግን ሁለት ድካም ነበረበት። አንደኛ፣ የሬዚስተሮቹ ዓይነት አስራ አምስት ብቻ ነው። አስራ አምስቱንም ኪሱ የያዘ ሌባ አንድ በአንድ ይሞክራል፤ ታግሶ መጠበቅ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ሁለተኛው የእኛን ጉዳይ ይመለከታል፦ ቁልፉ በየቀኑ ሲገባ ሲወጣ፣ መሪው ውስጥ የሚያልፉት ቀጫጭን ሽቦዎች ይበጠሱ ነበር። ያኔ መኪናዋ ትክክለኛ ቁልፍ የያዘውን ትክክለኛ ባለቤት "ሌባ" ብላ ታቆመዋለች። እንግዲህ ይሄ የመጀመሪያው የመግባባት ብልሽት ነው ብንል አያጣላንም። ስርቆትን ለመከላከል በቁልፍና በሞተር መካከል ንግግር አስገባህ ማለት፣ የሚቋረጥ ነገር አስገባህ ማለት ነው።

ቀጣዩ እርምጃ ቁልፉ ሳይነካ እንዲናገር ማድረግ ነበር። የዚህ ታሪክ ደግሞ ከመኪና በፊት ይጀምራል፣ ለኔ ከሁሉም የጣፈጠኝም እሱ ነው። በ1945 የሶቪየት ሕፃናት ለአሜሪካው አምባሳደር ለአቬረል ሃሪማን ከእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካ ማኅተም በስጦታ ሰጡ። አምባሳደሩ መኖሪያ ውስጥ ተሰቀለ። ለሰባት ዓመት ያህል፣ እስከ 1952 ድረስ፣ ማንም አልጠረጠረውም። ውስጡ ግን ማዳመጫ ነበረ። ሠሪው ሳይነካ የሚጫወተውን የሙዚቃ መሣሪያ የፈለሰፈው ሌቭ ቴርሚን ነው። ማዳመጫው ባትሪም ሽቦም የለውም፤ ስለዚህ የሚፈትሽ መሣሪያ አይይዘውም። ከውጭ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክበት ብቻ ሕይወት ይዘራና በክፍሉ ውስጥ የሚወራውን በተመላሹ ሞገድ ላይ ጭኖ ይልካል። ሞገዱ ሲቆም ደግሞ ተመልሶ እንጨት ይሆናል። ሃሪ ስቶክማን የተባለ መሐንዲስም በ1948 በተመላሽ ሞገድ ስለመነጋገር ጥናት አሳትሟል።

ባትሪ የሌለው፣ ሲጠየቅ ብቻ የሚናገር ነገር የሚለው ሐሳብ በሰባዎቹ ወደ ሲቪል ሕይወት ገባ። ቻርልስ ዋልተን በ1973 ሳይነካ በር የሚከፍት ካርድ በፓተንት አስመዘገበ። በዚያው አስርት ዓመት ከብቶችን በእንዲህ ያለ ምልክት ለመለየት ሙከራ ተጀመረ። ዛሬ ከቆዳ ሥር የሚቀበረው የእንስሳት መለያ በ134.2 ኪሎኸርዝ ይነጋገራል፤ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የመኪና ቁልፍ ቺፕም በዚያው በ134.2 ነው። ሌሎች ቁልፎች በ125 ይሠራሉ። የአማቼ መኪና ቁልፍ ከላም ጆሮ ምልክት ጋር የሥጋ ዘመድ ነች ብዬ ስነግረው በጣም ሳቀ። (ካፖርት ኪስ ውስጥ ሆና እንኳን ብትታጠብ ብዙ ጊዜ የማትሞተው ባትሪ ስለሌላት ነው። የሚበላሽ ባትሪ ያለው በሩን ከሩቅ የሚከፍተው ሪሞት ነው፤ ሁለቱ አንድ ላስቲክ ውስጥ ስላሉ ሰው ያምታታቸዋል።)

ታዲያ የላሟ ምልክት መኪና ውስጥ የገባችው ለምን አውሮፓ ላይ ነው? መልሱ የበርሊን ግንብ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ግንቡ በኖቬምበር 1989 ፈረሰ። ድንበር ተከፈተ። ወደ ምሥራቅ መኪና የሚፈልግ ሰፊ ገበያ አለ፣ በምዕራብ ደግሞ በስክሩድራይቨር የሚነሱ ጥሩ መኪኖች ቆመዋል። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ በጀርመን የመኪና ስርቆት አሻቀበ። ካሣውን የሚከፍሉት የመድን ድርጅቶች ናቸውና ግፊት ማድረግ ጀመሩ፤ የጀርመን ፋብሪካዎች በ1994ና በ1995 በስፋት ኢሞቢላይዘር መግጠም ጀመሩ። የአውሮፓ ኅብረትም በኖቬምበር 1995 መመሪያ አወጣ፤ ከ1998 ጀምሮ አዲስ የሚሸጡ የቤት መኪኖች ኢሞቢላይዘር ግዴታ ሆነባቸው። የኔዘርላንድስን መረጃ የመረመሩ ኢኮኖሚስቶች ደንቡ ስርቆትን በጉልህ እንደቀነሰ፣ ሌባውም በከፊል ወደ አሮጌ መኪኖች ዞር እንዳለ አሳይተዋል።

አውስትራሊያ በ2001 ተከተለች። ካናዳ በ2007። አሜሪካ ግን እስከ ዛሬ አላስገደደችም፤ ፋብሪካው ከፈለገ ይገጥማል፣ ካልፈለገ ይተወዋል። የዚህ ውጤት ከ2020 በኋላ ፈነዳ። ሃዩንዳይና ኪያ ለአሜሪካ ገበያ በሠሯቸው፣ በቁልፍ በሚነሱ ብዙ ርካሽ ሞዴሎች ላይ ኢሞቢላይዘር አልገጠሙም ነበር። ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ ወጣቶች የመሪውን ክዳን ገንጥለው በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ እያዞሩ ማስነሳት ጀመሩ። ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጣ፣ በ2022 አገር ምድሩን አዳረሰ። በፌብሩዋሪ 2023 የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከዚህ ጋር የተያያዙ ቢያንስ 14 ግጭቶችና 8 ሞት መመዝገባቸውን ገለጸ። ያው ኩባንያዎቹ ካናዳ የሸጧቸው ተመሳሳይ መኪኖች ግን በሕጉ ምክንያት ኢሞቢላይዘር ነበራቸው። አንድ ድንበር፣ ያው ሞዴል።

እንግዲህ ልጄ፣ የጠየቅከኝ መልሱ ይሄ ነው። ያንተ ቆርቆሮ ቤት ፊት የሚቆሙት መኪኖች የየመጡበትን አገር ሕግ ይዘው ነው የሚመጡት። ከአውሮፓ የመጣችው የበርሊን ግንብ መፍረስን ተሸክማለች። ሕጉ ካላስገደደበት ገበያ የመጣችው ደግሞ ፋብሪካው ያን ዓመት ምን ያህል ሊቆጥብ እንደፈለገ ተሸክማለች። እኛ ደግሞ ሁሉንም ገዝተን እዚህ እናገናኛቸዋለን። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ያሉት ገና ብዙ ዓመት ይቆያሉና፣ ይሄ ታሪክ ከእጅህ ቶሎ አይወጣም።

አሁን ወደ መኪናዋ ልመለስ። ልጁ ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ ስላስረዳኝ በገባኝ መጠን እነግራችኋለሁ፤ ባለሙያ ብትሆኑና ብሳሳት አርሙኝ።

ቁልፉ ሲገባ በቁልፉ ማስገቢያ ዙሪያ ያለች የሽቦ ቀለበት መግነጢሳዊ ጉልበት ትለቃለች። ቺፗ በዚያ ጉልበት ነቅታ ማንነቷን ትናገራለች። አሁን ባሉት ቁልፎች ዝም ብሎ ስም መጥራት ብቻ አይደለም፤ መኪናዋ የዘፈቀደ ቁጥር ትልካለች፣ ቺፗ በውስጧ ባለው ምስጢር አስልታ መልስ ትመልሳለች። (በ2005 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአርኤስኤ ላብራቶሪ ሰዎች ጋር የአንዱን ቺፕ ባለ 40 ቢት ምስጢር ሰብረው አሳይተዋል፤ በ2013 ደግሞ ፎልክስቫገን ሜጋሞስ የሚባለውን ቺፕ የሚመለከት ጥናት እንዳይታተም በእንግሊዝ ፍርድ ቤት አሳግዶ እስከ 2015 አዘግይቶታል። እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።) መልሱ ልክ ከሆነ ኢሞቢላይዘሩ ለሞተሩ ኮምፒውተር "አሳልፈው" ይላል። ኮምፒውተሩ ያን ቃል ካልሰማ ነዳጅ አይረጭም ወይም እሳት አይሰጥም።

ስለዚህ ንግግሩ ሁለት ነው። አንዱ በቁልፉና በኢሞቢላይዘሩ መካከል በአየር፣ ሌላው በኢሞቢላይዘሩና በሞተሩ ኮምፒውተር መካከል በሽቦ። ምልክቱ ከውጭ ሲታይ ግን አንድ ነው፦ መኪናዋ አትነሳም፣ የቁልፍ መብራቷ ትበራለች።

ልጁ ማሽኑን ሰክቶ ያንኑ ኮድ አየ። ዩ0167። ከዚያ ዘወር ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ቲቸር፣ አንተ አይደለህ እንዴ፣ ዜና መዋዕል ስታነቡ መጀመሪያ ማን ጻፈው ብላችሁ ጠይቁ ያልከን? ይሄን ማን ጻፈው?"

ዝም አልኩ። (ሬዲዮ እየፈታ ይሰማኝ ነበር ማለት ነው።)

"የሞተሩ ኮምፒውተር ነው የጻፈው" አለ። "ከኢሞቢላይዘሩ አልሰማሁም ነው ያለው። ሞቷል አላለም። እሱ የሚያውቀው አለመስማቱን ብቻ ነው። ተናጋሪው ሞቶ ሊሆን ይችላል፣ አፉ ተይዞ ሊሆን ይችላል፣ ወይ መሐል ላይ መንገዱ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል።"

ለካ ኮዶቹ ራሳቸው ቤተሰብ አላቸው። በፒ የሚጀምሩት የሞተርና የካምቢዮ ናቸው፣ በቢ የሚጀምሩት የአካል፣ በሲ የሚጀምሩት የእግርና የፍሬን ወገን። በዩ የሚጀምሩት ግን የግንኙነት መረብ ናቸው፤ ስለ ዕቃ መበላሸት ሳይሆን ስለ አለመስማማት ነው የሚያወሩት። የመጀመሪያው ጋራዥ የንግግር ኮድ አንብቦ የዕቃ ፍርድ ፈረደ።

ማሽኑ ላይ ሌሎቹን ክፍሎች አንድ በአንድ ጠራቸው። የሞተሩ ኮምፒውተር መለሰ። የፍሬኑ መለሰ። ኢሞቢላይዘሩ ዝም። "እሺ፣ ዝም ያለው አንድ ነው፤ መረቡ በሙሉ አልሞተም" አለ። ቀጥሎ ጭራሽ ያልጠበቅኩትን ጀመረ፦ ባትሪውን ለካ። አዲስ ነው ብለው አማቼ ሊከራከረው ነበር። "ጋሼ፣ አዲስም ቢሆን ይለካል" አለው። ቆማ 12.6 ቮልት፣ ሞተሪኖው ሲዞር ከ10 በላይ። ደህና ነው። ደካማ ባትሪ ኮምፒውተሮችን ከማንቃት በታች ሲወርድ እንዲህ ያለ የውሸት ኮድ ያሳያል አለኝ። ከዚያ ቁልፏን ከማንጠልጠያው ነጥሎ ለብቻዋ ሞከራት፤ ሌላ ባለ ቺፕ ቁልፍ አጠገቧ ከተንጠለጠለ ሁለቱ አብረው እያወሩ ያደናግራሉ። ለውጥ የለም። ከዚያ የኢሞቢላይዘሩን ፊውዝ፣ ቀጥሎ ራሱ ክፍሉ ጋ የሚደርሰውን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ለካ። ሁለቱም አሉ። ምግብ እያገኘ ነው፣ ግን አይናገርም።

ቀጥሎ ባትሪውን ነቀለና ቴስተሩን ማሽኑ የሚሰካበት ሶኬት ላይ፣ 6ኛና 14ኛ ቀዳዳ ላይ አኖረ። ይሄ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፣ በአጭሩ ልበላት። መኪና ውስጥ ኮምፒውተር ሲበዛ ሽቦው እንደ ጫካ ሆነ። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1986 ዲትሮይት ላይ ካን የሚባል ዘዴ አቀረበ፤ ሁሉም ክፍሎች እርስ በርስ በተጠመዘዙ ሁለት ሽቦዎች ላይ በየተራ ያወራሉ። መስመሩ በሁለቱ ጫፍ እያንዳንዳቸው 120 ኦም የሆኑ ሬዚስተሮች አሉት፤ ድምፅ ገደል ላይ እንደሚያስተጋባው መልዕክቱ እየተመለሰ እንዳይረብሽ። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሆኑ ጤነኛ መስመር ሲለካ 60 ኦም ይሰጣል።

ቴስተሩ 120 አለ።

ልጁ ፈገግ አለ። "አንዱ ጫፍ የለም። መሐል ላይ ተቆርጧል።" አማቼ ዋጋ የጨመረበት መስሎት ደነገጠ። "አይ ጋሼ፣ ይሄማ ጥሩ ዜና ነው" አለው።

መስመሩን በእጁ እየዳበሰ ከመሪው ሥር ተከተለው። በሾፌሩ እግር በኩል፣ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ፣ ወፍራም የናስትሮ እብጠት አገኘ። ፈታው። ውስጡ፣ በፊት የነበረው ባለቤት ይሁን ሌላ ያስገጠመው የሌባ ማስጠንቀቂያ ጡሩምባ ሽቦ የተቀጠለበት ቦታ ነበር። ገጣሚው ከሁለቱ የካን ሽቦዎች አንዱን ቆርጦ፣ መልሶ በእጅ ጠምዝዞ፣ ሳይበይድ ናስትሮ ጠቅልሎበት ሄዷል። ክረምቱን ሙሉ ከተሳፋሪና ከሾፌር ጫማ የወረደ ውሃ እዚያ ሲጠራቀም መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ጠዋት እርጥብ ሲሆን ዝም፣ እኩለ ቀን ሲደርቅ ደግሞ ይነካካል። በመጨረሻ ጭራሽ ተበላ። ሌባ ለመከላከል የተጨመረ ጡሩምባ ነው እንግዲህ ባለቤቱን ሌባ ያስባለው።

አስር ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ሽቦ ቆርጦ፣ አዲስ ቀጥሎ፣ በይዶ፣ ሁለቱን እንደነበሩ አጠማዝዞ፣ ቦታውንም ከፍ አድርጎ አሰረው። ለካ፣ 60። ባትሪውን መለሰ፣ ኮዱን አጠፋ፣ አማቼን "ሞክር ጋሼ" አለው። የቁልፏ መብራት ትንሽ በርታ ጠፋች። ሞተሩ ተነሳ። አማቼ ከመኪናው ሳይወርድ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። ከዚያ ለእህቴ ደወለ።

የመጀመሪያውን ጋራዥ ለማማት አይደለም የጻፍኩት። ግን ቢታዘዝላቸው ኖሮ የሚሆነውን አስቡት። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ኮምፒውተር ይገዛል። ያ ኮምፒውተር የሌላ መኪና ነው፣ የሌላ ኢሞቢላይዘር ቃል ነው የሚጠብቀው፤ ስለዚህ ከነኢሞቢላይዘሩና ከነቁልፉ መምጣት አለበት፣ ወይም እንዲተዋወቁ በማሽን መጻፍ አለበት። ሁሉም ተገዝቶ፣ ሁሉም ተጽፎ ሲያበቃ፣ ያች አረንጓዴ ሽቦ እዚያው ምንጣፍ ሥር ናት። መኪናዋ አሁንም አትነሳም። ይሄ በየጋራዡ እንደሚደጋገም ልጁ ነገረኝ፤ ባለቤቱ መኪናው ተረግሟል ብሎ በርካሽ ይሸጣል፣ የሚገዛው ደግሞ ሽቦ የሚያውቅ ነው።

ሂሳብ ስጠይቀው የአንድ ቀን ገቢ የማይሞላ ጠራ። አማቼ አብዝቶ ሰጠው። ስንወጣ፣

"ቲቸር፣ ያ ሬዲዮ ትዝ ይልሃል?" አለኝ።

"ትዝ ይለኛል" አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።

"የጎረቤታችን ነበር። ወር ሙሉ ሲጠይቁኝ ትምህርት ቤት ነው እላለሁ።"

አሁንም ይቅርታ ልጄ፣ በአደባባይም።

ለመኪና ባለቤቶች እሱ እንድጽፍለት አደራ ያለኝን ጨምሬ ላብቃ። ከአውሮፓ የመጣች መኪና ኖሯችሁ አንድ ቁልፍ ብቻ ካላችሁ፣ የምትሠራው ቁልፍ በእጃችሁ እያለች ሁለተኛ አስቀርጹ፤ ብቸኛዋ ከጠፋች በኋላ ማስተዋወቁ ብዙ ጊዜ እጥፍ ድርብ ይከብዳል። ጡሩምባ፣ ጂፒኤስ፣ ቴፕ የምታስገጥሙ ደግሞ ሰውየው የትኛውን ሽቦ እንደሚቆርጥ አጠገቡ ቆማችሁ እዩት፤ ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ላይ ምላጭ ካነሳ አስቁሙት። እናንተስ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? መኪናዋ ከየት አገር እንደመጣች ጨምራችሁ ጻፉልኝ፣ ልጁም ኮሜንት ያነባል።